ጥናት ወደ አጥቢያችን ሲመጣ፦ የምርምር ተሳታፊዎችን ከጉዳት ስለ መጠበቅ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወደሚገኙ የአጥቢያ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሲመላለስ እናያለን። ማኅተም ያለበት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከምርምር ተቋም ወይም ከረድኤት ድርጅት የተላከ ነው። በደጀ ሰላም የሚጠለሉ ነዳያንን፣ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ልጃገረዶችን፣ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናንን፣ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ ቤተሰቦችን ለማጥናት ትብብር ይጠይቃል። በግርጌውም አብዛኛውን ጊዜ ጥናቱ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ታይቶ እንደጸደቀ ተገልጿል። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ይህን ሲያነብ ልቡ ያርፋል፤ ትብብር እንዲደረግ ይመራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአጥኚዎቹ ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶች ልናስረዳ የምንወደው የገምጋሚ ኮሚቴው ፈቃድ ምን እንደሚሸፍንና ምን ሊያይ እንደማይችል ነው። ኮሚቴው የሚመረምረው የተጻፈውን ዕቅድ ነው። የግቢያችን በር ወዴት እንደሚያይ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት፣ የትኛው ወሬ በስንት ሰዓት ሰፈሩን እንደሚያዳርስ ግን በወረቀቱ ላይ አይገኝም። ይህን የምናውቀው እኛ ነን።

ይህንንም የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍለ ከተማው ካሉት አጥቢያዎች ወደ አንዱ አንድ የጥናት ቡድን መጥቶ ነበር፤ ከአጥቢያው ጋር ያስተዋወቅነውም እኛ ነን። ፈቃዱ የተሟላ፣ መጠይቁም በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ለቃለ መጠይቁ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰጣቸው። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለጸሎትና ለጠበል የመጡ ሰዎች በግቢው ሳሉ፣ አንድ ወጣት ዝርዝር ይዞ በአዳራሹ ደጃፍ ቆመና ስድስት ሴቶችን በየስማቸው ጠራ። ቡድኑን ያመጣችው መኪና በጎኗ ላይ የኤች አይ ቪ ፕሮጀክት ጽሑፍ ነበረባት። ከስድስቱ አንዷ እንጀራ እየጋገረች በሰፈሩ የምትሸጥ እናት ነበረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። በኋላ ስናነጋግራት ከጥያቄዎቹ አንዱም እንዳላስከፋት፣ ደምም እንዳልተወሰደባት፣ የተወሰደባት ገበያዋ እንደሆነ ነገረችን። ምስጢሯን አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው የለም። በሩ፣ መኪናዋና የስም ጥሪው ተባብረው ተናገሩት። እኛም እዚያው ቆመን ነበር፤ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ አንዳችንም አላስተዋልነውም።

ገምጋሚ ኮሚቴ አንድን የምርምር ዕቅድ ሲቀበል ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነና ቢደርስ ምን ያህል እንደሚከብድ። ብዙዎቻችን ምርምር ሲባል መርፌና የደም ብልቃጥ ይታየናል። ነገር ግን ጉዳት በሰውነት ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ያለፈ መከራን የሚያስታውስ ጥያቄ ኅሊናን ያቆስላል፤ የታወቀ ምስጢር ከጎረቤትና ከዕድር ያለያያል፤ የሥራ ሰዓት የወሰደ ቃለ መጠይቅ የዕለት እንጀራን ያጎድላል፤ በወረቀት የሰፈረ ቃል ከሕግ ጋር ያጋጫል። ኮሚቴው እነዚህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ የሚጠይቀው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚፈለገውን ዕውቀት ባነሰ ጉዳት ማግኘት አይቻልምን? ለሕክምና ተብሎ ከሚወሰደው ደም ጥቂቱን መጠቀም የሚቻል ከሆነ ለምርምር ሲባል ሌላ መርፌ ለምን ይወጋል? ስም ሳይያዝ በመለያ ቁጥር ብቻ መሥራት ከተቻለ ስም ለምን ይጻፋል? ለጥናቱ የማያስፈልግ ጥያቄ ለምን ይጠየቃል? ጉዳት መታየት ቢጀምር ጥናቱን የሚያስቆመው ማን ነው፣ በምንስ ምልክት?

ይህ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ፈጽሞ እንግዳ አሳብ አይደለም። በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ላይ ያለውን ታሪክ እናስብ። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬ እየበሉ እንዲፈተኑ ራሳቸው ጠየቁ፤ ፈተናው ዐሥር ቀን ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ውጤቱም ፊታቸው ታይቶ እንዲፈረድ ሆነ። ፈቃደኝነት አለ፤ የጊዜ ገደብ አለ፤ የሚመለከት ዓይን አለ። ሹሙ በራሱ ላይ ሊመጣ የሚችለውን የንጉሥ ቁጣ መፍራቱም አልተዘነጋም። በሥነ ምግባር ግምገማ ሥልጠና ላይ ይህን ታሪክ ስናነሣ የሕክምና ባለሙያዎቹ ከካህናቱ በላይ ይደነቁበታል።

በዚሁ ላይ አንድ የሚያሳስት ቃል እንዳለ እንጠቁም። በየመመሪያዎቹ «አነስተኛ አደጋ» የሚባለው ሰው በዕለት ኑሮው ከሚያጋጥመው የማይበልጥ አደጋ ነው። የማን የዕለት ኑሮ? በረንዳ ላይ የምታድር ልጅ በየሌሊቱ የሚያጋጥማት አደጋ መለኪያ ከሆነ በእርሷ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር «አነስተኛ» ሊባል ነው። መለኪያው ሰላም ያለው ሰው ኑሮ መሆን አለበት እንላለን። ሰው አስቀድሞ በመከራ ውስጥ መሆኑ ሌላ መከራ ለመጨመር ፈቃድ አይሆንም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ እንለፈው። ሀገራችን በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ7ኛው አንቀጹ ማንም ሰው ያለ ነፃ ፈቃዱ የሕክምና ወይም የሳይንስ ሙከራ እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ አምስተኛ እትሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይቆጥረዋል። ይህ የመጨረሻው በቀጥታ ይመለከተናል፤ በጽሕፈት ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያለው የተረጂዎች መዝገብ፣ ከስም አጠገብ የሕመም ዓይነት የተጻፈበት ከሆነ፣ ለጠየቀን ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርገን የምንሰጠው ወረቀት አይደለም።

አብያተ ክርስቲያናት በምርምር ታሪክ ውስጥ ስማቸው በበጎ ብቻ አይነሣም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 600 ጥቁር ወንዶችን ይከታተል ነበር፤ ከእነርሱ 399ኙ የቂጥኝ ሕሙማን ነበሩ። ሕመማቸው «መጥፎ ደም» እንደሆነ ብቻ ተነገራቸው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈዋሽነቱ ከታወቀ በኋላም ሳይሰጣቸው ቀረ፤ አጥኚዎቹ የፈለጉት በሽታው ሳይታከም እስከ ሞት ድረስ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበርና። ሰዎቹን ለማግኘት ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ በሕዝቡ ዘንድ የታመኑት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ከማባበያዎቹም አንዱ የቀብር ወጪ ነበር፤ አስከሬኑ እንዲመረመር ለፈቀደ ቤተሰብ የመቅበሪያ ገንዘብ ይከፈል ነበር። ዕድር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህ ማባበያ ጉልበት አይሰወረውም። በክብር መቀበር ለድኃ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህም እምቢ ለማለት የሚያስቸግር ነገር ነው። የተስኪጊው ጉዳይ በጋዜጣ የተጋለጠው በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የገምጋሚ ኮሚቴዎች አሠራር እንዲጠነክር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ግን በጎ አብነት አናጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዐሥር ሀገሮች ጥናት ኢትዮጵያ በቡታጅራ አካባቢ ተወክላ ነበር። ከ3,000 በላይ ሴቶች በትዳርና በቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው በደል ተጠየቁ። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁት ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በዘመናቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ቁጥሩ በየመድረኩ ተጠቅሷል። ለእኛ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የተገኘበት መንገድ ትምህርት ይሰጠናል። ሚስቱ ስለ ዱላው እንደተናገረች ያወቀ ባል ማታውኑ ሊደግማት ይችላል፤ ስለዚህ የጥናቱ ጥያቄ ራሱ አደገኛ ነበር። በመሆኑም ጥናቱ ለአካባቢው ሰው የተነገረው የሴቶች ጤና ጥናት ተብሎ ነው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ተጠየቀች፤ ሁለት ቢጠየቁ ጥያቄው ምን እንደሆነ በቤቱ ይታወቃልና። ጠያቂዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ሥልጠናቸውም ሳምንታት ፈጅቷል። ቃለ መጠይቁ ሰው በሌለበት ተደረገ፤ ሰው ድንገት ሲገባ ጠያቂዋ ወዲያው ወደ ሌላ የጤና ጥያቄ ትሻገር ነበር። ልባቸው ለቆሰለ ሴቶችም ድጋፍ የሚያገኙበት መንገድ አስቀድሞ ተዘጋጀ። ከእነዚህ አንዱም ከፍተኛ ዕውቀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ያንን ቤት በዓይነ ኅሊናው ገብቶ ያየ ሰው ግን ይጠይቃል።

አሁን ይህን በቂርቆስ ቀበሌ ቤቶች ውስጥ እናስበው። አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ ወይም ኮምፔርሳቶ፣ ቧንቧና መጸዳጃ ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ በጋራ። በእንዲህ ያለ ግቢ «በቤቷ ሄደን በምስጢር እናነጋግራታለን» የሚል ዕቅድ በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል፤ በግቢው ግን ምስጢር የሚባል ቦታ የለም። ገምጋሚ ኮሚቴው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የዚያ ሰፈር ሰበካ ጉባኤ ግን ያውቃል። በዚህ ጊዜ ሌላ ቦታ እንዲፈለግ ማሳሰብ ትብብርን መንፈግ አይደለም።

ሁለተኛው አብነት በአፈር ንክኪ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስን ይመለከታል። በወላይታ አካባቢ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በሽታው ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት በተነሡ ጊዜ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሰዉን ሊያነጋግሩ ወጡ። ያገኙትም በወረቀት ዕቅድ ላይ የማይታይ ፍርሃት ነበር። ሕሙማኑና ቤተሰቦቻቸው ቀድሞም ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለሉ ነበር፤ «በዘር የሚወረስ ነው» ተብሎ ከተነገረ ደግሞ ጤነኞቹ እኅትና ወንድሞች ጭምር የሚያገባቸው እንዳያጡ ሰጉ። ስለዚህ የጥናቱ ገለጻ ተስተካከለ፤ የዘር ተጋላጭነት ከባዶ እግር መሄድ ጋር አብሮ እንዲነገር ሆነ። ይህን የምክክር ሂደት የሚገልጹት ጽሑፎች በ2009 እ.ኤ.አ. ታትመዋል፤ ዋናው የዘር ጥናት ውጤት ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ። ምክክሩ ሳይንሱን አላጓደለውም። ተሳታፊዎቹን ሊጎዳ የነበረው መርፌው ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ግን ማንም ቢሮው ተቀምጦ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ከዚህ በመቀጠል ካህናት አባቶችን በተለይ ስለሚመለከተው ነገር እንናገራለን፤ በትሕትናም ነው። አጥኚዎች የንስሐ አባቶችን እርዳታ አጥብቀው ይሻሉ፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተበደለ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና። የንስሐ ምስጢር የማይገለጥ መሆኑን ለካህን የምንነግረው አይደለንም። ነገር ግን ምስጢር ያለ ቃልም ይወጣል። ካህኑ ምንም ሳይናገር አጥኚውን ወደ አንድ ቤት ቢመራ መንገዱ ራሱ ተናግሯል። ደግሞም ንስሐ አባቷ «ተሳተፊ» ያላት ምእመን «እሺ አባ» ከማለት ሌላ ምን መልስ አላት? ያ እሺታ ለአባትነቱ የተሰጠ ክብር ነው፤ ለጥናቱ የተሰጠ ፈቃድ ግን ላይሆን ይችላል። እኛ የተሻለ ሆኖ ያገኘነው ካህኑ ጥናት መኖሩን ለሁሉም በአንድነት አስታውቆ፣ የሚፈልግ ሰው ራሱ አጥኚዎቹን የሚያገኝበትን መንገድ ማሳየት ነው። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመን፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ጠበልና የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ሲነገር ብዙ ሰው የሰማው አባቶች ለሁሉም ስለተናገሩ ነው፤ ማንም በስሙ ተጠርቶ አልነበረም።

የእርዳታ ስንዴና ዘይት በሚታደልበት ቀን ተሳታፊ መመልመል ሌላው የምናየው ስሕተት ነው። ሰልፍ የያዘች እናት ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጋ ታያቸዋለች፤ ብትገፋትም አይፈረድባትም። ጥናቱ በሌላ ቀንና በሌላ ስፍራ መሆን አለበት፤ እምቢ ያለም ሆነ ከመካከል የወጣ ሰው ከእርዳታው መዝገብ እንደማይሰረዝም በአጥኚው ብቻ ሳይሆን በሰበካ ጉባኤው አንደበት ሊነገር ይገባል፤ መዝገቡ የእኛ ነውና።

የካዛንቺስ ነገር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ነው፤ ቤት ዛሬም የሰፈሩ ሰው ዋና አሳብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ከሄዱ ወዲህ፣ ማኅተም ያለው ወረቀትና ፊርማ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ብዙዎቹ የሚሰሙት «ቤት» የሚለውን ቃል ነው፤ ባይነገርም ይሰሙታል። ለአጥኚው የፈቃድ ማረጋገጫ የሆነው ፊርማ ለፈራሚዋ የቤት ተስፋ ወይም የቤት ፍርሃት ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገምጋሚ ኮሚቴዎች ፊርማ ቀርቶ የቃል ፈቃድ በምስክር እንዲያዝ ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ይህ እንዲጠየቅ ማሳሰብ እንችላለን። የተነሡ ቤተሰቦችን አዲስ አድራሻና ስልክ ቁጥር የሚጠይቁን አጥኚዎችም አሉ። ቁጥሩ በእጃችን የገባው ለክርስትና፣ ለተዝካርና ለሐዘን ነው። የምንሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ የአጥኚውን ስልክ ለቤተሰቡ እናደርሳለን፤ የሚወድ ይደውልለታል።

ስለ ሕፃናት ጥቂት ብቻ እንበል። የወላጅ ፈቃድ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም፤ ልጁም በዕድሜው መጠን ተነግሮት እሺ ማለት አለበት፤ እምቢ ካለም እምቢታው ይከበራል። ክፍለ ከተማችን በስሙ የሚጠራው ሰማዕት ቅዱስ ቂርቆስ ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ በመኰንኑ ፊት ስለ ራሱ ራሱ እንደመለሰ ስንክሳራችን ይነግረናል፤ እናቱ ቅድስት ኢየሉጣም አጠገቡ ነበረች።

እንግዲህ ደብዳቤው ሲደርስ ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ? ዋናው ነገር አጥኚውን በጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ አስቀምጦ አለመጨረስ ነው። በግቢው ውስጥ አብረነው እንሂድ። ሰዎቹ በየት በር ይገባሉ? ማን ያያቸዋል? ስማቸውን የሚጠራ ሰው አለ? መኪናችሁ የት ትቆማለች፣ ምን ተጽፎባታል? አንዲት ሴት በመካከል ብታለቅስ ወደ ማን ትወሰዳለች? ወረቀቶቹ ማታ የት ያድራሉ፣ ጥናቱ ሲያልቅስ ምን ይሆናሉ? ለእነዚህ መልስ የሌለው አጥኚ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ጠይቆት የሚያውቅ ስላልነበረ ይሆናል። ቅር የሚያሰኝ ነገር ከታየ የገምጋሚ ኮሚቴው አድራሻ በፈቃድ ቅጹ ላይ ስለሚገኝ ለኮሚቴው መጻፍ ይቻላል። ደብዳቤውን ለማርቀቅ የሚቸገር አጥቢያ ቢኖር በኮሚሽናችን የፕሮጀክት ክፍል አብረነው እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ባነሣነው አጥቢያ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን መጣ። ሊቀመንበሩ አዳራሹን አልሰጡም። አጥኚዎቹን በግቢው አዙረው በሩን አሳዩአቸው፤ ከዚያም ሴቶቹ ለመድኃኒት በሚመላለሱበት ጤና ጣቢያ፣ ለልጅ ክትባትና ለልዩ ልዩ ሕክምና ከመጡት ሰዎች ጋር ተቀላቅለው በሚቀመጡበት ሰዓት እንዲያነጋግሯቸው ሐሳብ አቀረቡ። ቡድኑ ዕቅዱን አሻሽሎ ወደ ገምጋሚ ኮሚቴው መለሰው፤ ማሻሻያው በሦስት ሳምንት ጸደቀ። እንጀራ ሻጯ እናት እንድትሳተፍ ስትጠየቅ እምቢ አለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃትም አልነበረም።